የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላዋ ነው የሚሄደው

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከጋሞ ደጋ፣ ከዲታ ነው። ጓሮዬ ውስጥ 60 ያህል እንሰት አለኝ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሦስቱ የመሐል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። አንዱ ለመስቀል ቆጮ ልንፍቀው ያሰብነው ትልቁ ነው። ጎረቤቴ አመድ ነስንስበት ይላል። ልጄ ደግሞ ከአርባ ምንጭ መድኃኒት ላምጣ ይላል። የቱ ይሻላል?»

ወንድሜ፣ እባክዎ ገንዘብዎን ለመድኃኒት አያውጡ። ያሉት ምልክት የእንሰት አጠውልግ በሽታ ይመስላል። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። አንዴ የያዘውን እንሰት የሚያድን ርጭት የለም፤ አመድም አያድነውም። ግን 57ቱን ማትረፍ ይቻላል።

መጀመሪያ እናረጋግጥ። ቅጠል የሚያደርቀው ይህ በሽታ ብቻ አይደለም። ውርጭም ያቃጥላል፤ ፍልፈል ሥሩን ከበላውም ይጠወልጋል። ቅጠሉን ከግንዱ የሚያያይዘውን ወፍራም ዘንግ አግድም ይቁረጡና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከቁርጡ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቢጫ፣ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ነጠብጣብ ካወጣ አጠውልግ ነው። በዚያ ቢላዋ ግን ሌላ እንሰት እንዳይነኩ!

ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የታመሙ እንሰቶች በአንድ መስመር ተደርድረው የቆሙበት ጓሮ አይቻለሁ። ግራና ቀኙ ደህና ነበር። መስመሩ የቤቱ እመቤት ለከብት ቅጠል እየቆረጠች የሄደችበት ነበር። በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደረሰው ቢላዋዋ ነው። ስለዚህ አንድ እንሰት ቆርጣችሁ ወደ ሚቀጥለው ከመሄዳችሁ በፊት ቢላዋውን እሳት ላይ አግሉት። እሳት ከሌለ አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ንከሩት። ይህን ለባለቤትዎ ራስዎ ይንገሯት፤ አብራችሁም አድርጉት። እንሰቱን የምትቆርጠውም የምትፍቀውም እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ስልጠና የሚጠራው ባልየው ነው፤ ቢላዋው ያለው ግን በሚስትየው እጅ ነው። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ሦስቱን ከነአሚቿቸው፣ ማለት አፈር ውስጥ ካለው ወፍራም ሥራቸው ጋር፣ ነቅላችሁ አውጡ። ከጓሮው ራቅ ብላችሁ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍሩና እዚያው ቅበሩ። መንገድ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አይጣል። ለላሟም አይሰጥ። የታመመ ቅጠል የቀመሰች ላም ደህናውንም ሄዳ ትገምጣለች፤ አፏ እንደዚያው ቢላዋ ነው። እስኪጠራ ድረስ ከብቶቹን እሰሩ፤ አጥሩንም ጠበቅ አድርጉት። በተነቀለበት ቦታ ቢያንስ አንድ ዓመት እንሰት አትትከሉ። ድንች፣ ጎመን ወይም ባቄላ ያዙበት።

የመስቀሉን ነገር አውቃለሁ። ጋሞ ውስጥ መስቀል ያለ ቆጮ ይከብዳል። ትልቁ እንሰት እንደሚያሳዝንዎም ይገባኛል። ደጋ ላይ አንድ እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቢሆንም እሱን ጓሮ ውስጥ ከትፎ መፋቅ ለሌሎቹ አደጋ ነው። ከደህናዎቹ የደረሰ ካለ እሱን ፋቁ። ያውም የታመሙትን ከመንካታችሁ በፊት፣ በንጹሕ ቢላዋ።

ለምትክ የሚሆን ችግኝ ከገበያ አትግዙ። ከየት ጓሮ እንደመጣ አታውቁም። በሽታው ገብቶበት ከማያውቅ ጓሮ የሁለት ሦስት ዓመት እንሰት ፈልጉ። ግንዱን ቆርጣችሁ የአሚቾውን የመሐል እምቡጥ አውጡ፤ ከዚያ በፍግና በአፈር ቅበሩት። ከአንዱ አሚቾ በርካታ ችግኝ ይወጣል። ከተገኘ ደግሞ ማዝያ የሚባለውን ዝርያ ጨምሩበት። ጨርሶ አይታመምም አልልም፤ ከሌሎቹ ግን በተሻለ ይቋቋማል። አካባቢያችሁ ውስጥ የትኛው ዝርያ እንደሚጸና ትልልቅ እናቶችን ጠይቁ። ዝርያዎቹን በስም ለይተው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እኔም ብዙ የተማርኩት ከእነሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እርስዎ ብቻዎን ቢያጸዱ የጎረቤት ላም ነገ ትመልሰዋለች። ጉዳዩን ወደ ዱቡሻ፣ ወደ ጋሞ አባቶች ሸንጎ ይውሰዱት። የመንደሩ ሰው የታመመ እንሰት ለመንቀል፣ ቢላዋ ላለመዋዋስና ከብት ላለመልቀቅ አንድ ላይ ይስማማ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን አርባ ምንጭ ላይ መልሰዋል። የእነሱ ቃል ከእኔ ምክር ይልቅ ይሰማል። ለቀበሌው የልማት ሠራተኛም ንገሩ።

ከዚያ በየሳምንቱ ጓሮውን ዞር ዞር ብለው ይዩ። መጀመሪያ የሚታየው የመሐል ቅጠል ነው። አራተኛ ከተገኘ በዚያው ቀን ይነቀል።