የሮበርት ትሪት ፔይን ወረቀቶች፦ ስለ አንድ የቅኝ ግዛት ዘመን ጠበቃና ዳኛ ማኅደር ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ የቅኝ ግዛት ዘመን የሕግ ወረቀቶች የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ወደ አንድ ሰው አመራ፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ጊዜዬን የሰጠሁት ለእርሱ ወረቀቶች ነውና። ለማያውቁት በአጭሩ ላስተዋውቀው። ሮበርት ትሪት ፔይን በ1731 ቦስተን ተወለደ፤ በ1749 ከሃርቫርድ ኮሌጅ ተመረቀ፤ በ1757 ጠበቃ ሆነ። በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ነው። ከ1777 እስከ 1790 ነጻ የወጣችው ማሳቹሴትስ የመጀመሪያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያም እስከ 1804 የጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ዳኛ ነበር። በ1814 ዐረፈ። ወረቀቶቹ የሚገኙት ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ታሪክ ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ በ1791 የተቋቋመ ሲሆን በአገሪቱ ካሉት የታሪክ ማኅበራት ቀዳሚው ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በዘመኑ እንደ ጆን አዳምስ ያሉ ስመ ጥር ጠበቆች እያሉ ብዙ ሰው የማያውቀውን ፔይንን ለምን መረጡ?

በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው አዳምስ ታላቅ ጠበቃ ነበር፤ ነገር ግን አብዮቱ ሲመጣ ከችሎት ወጥቶ ወደ ዲፕሎማሲና ወደ ፖለቲካ ሄደ፣ አልተመለሰም። ፔይን ግን ከ1757 እስከ 1804 ከፍርድ ቤት ብዙም አልራቀም። በንጉሡ ስም በሚያስችሉ ዳኞች ፊት ቆሟል፤ በአዲሱ መንግሥት ስም ከስሷል፤ በመጨረሻም ራሱ በዳኝነት ወንበር ተቀምጧል። አንድ የሕግ ሥርዓት ጌታውን ሲለውጥ ምን እንደሚቀየርና ምን እንዳለ እንደሚቀር በአንድ ሰው ወረቀት ላይ መከታተል የሚቻልበት ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጠባዩም ይስበኛል። በኮንግረስ፣ ማለትም በቅኝ ግዛቶቹ የጋራ ጉባኤ፣ ሳለ ሌሎች ያቀረቡትን ሁሉ ስለሚቃወም ባልደረቦቹ ‘ተቃውሞ አምራቹ’ ይሉት እንደነበር መግለጫውን አብሮት የፈረመው ቤንጃሚን ረሽ ጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው ወረቀት አይጥልም።

ጥያቄ፦ ማኅደሩ ውስጥ በትክክል ምን ምን አለ?

የዕለት ማስታወሻዎች፣ ደብዳቤዎች፣ የችሎት ማስታወሻዎች፣ የክርክር ረቂቆችና የደንበኞች ጉዳይ ወረቀቶች አሉ። ፔይን ወደ ሕግ ከመግባቱ በፊት አስተምሯል፣ በነጋዴነት ባሕር ተሻግሯል፣ ዓሣ ነባሪ ለማደን እስከ ግሪንላንድ ሄዷል፣ በ1755ም ፈረንሳዮች ወደያዙት የክራውን ፖይንት ምሽግ የዘመተውን ጦር በቄስነት ተከትሏል፤ የወጣትነቱ ወረቀቶች ይህን ሁሉ ይዘዋል። ከእኅቱ ከዩኒስና ከባለቤቱ ከሳሊ ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎችም አሉ፤ እኔ እነዚህን ከፖለቲካ ደብዳቤዎቹ አስበልጬ እወዳቸዋለሁ።

የዘመኑ የፍርድ ወረቀት ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ወረቀቱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ታጥፎ ጠባብና ረዥም ሆኗል። በውጭው ገጽ ላይ የከሳሽና የተከሳሽ ስም ከችሎቱ ዘመን ጋር ተጽፏል፤ ጠበቃው ከጥቅሉ ውስጥ ሳይፈታ የሚፈልገውን የሚለየው በዚያ ነው። ሲዘረጋ ብዙውን ጊዜ ባዶ ቦታዎች ያሉት የታተመ ቅጽ ይወጣል፤ ስሙ፣ ገንዘቡና ቀኑ በእጅ ተሞልቷል። ራስጌው ላይ የንጉሥ ጆርጅ ስም አለ። ግንቦት 1 ቀን 1776 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ከሰኔ ጀምሮ የፍርድ ትእዛዝ ሁሉ በንጉሡ ስም ሳይሆን በማሳቹሴትስ ቤይ መንግሥትና ሕዝብ ስም እንዲወጣ ደነገገ። ይህ የሆነው ፊላደልፊያ ላይ ነጻነት ከመታወጁ ሁለት ወር በፊት ነው። የአንድ ተራ ባለዕዳ መጥሪያ ራስጌ መለወጡ ለእኔ ከብዙ ንግግር በላይ ይናገራል።

ጥያቄ፦ የፍርድ ቤቱ መዝገብ እያለ የጠበቃ ማስታወሻ ምን ይጨምራል? መዝገቡ አይበቃም?

አይበቃም። ለዚህ ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፣ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ስለሆነ።

በዚያ ዘመን የማሳቹሴትስ የችሎት መዝገብ የሚይዘው ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ክሱ ምን እንደሆነ፣ ጁሪው (ፍርድ ለመስጠት የተመረጡት ተራ ዜጎች) ምን እንደወሰነና ወጪው ስንት እንደሆነ ነው። ምስክሮች በቃል ይናገራሉ፤ የተናገሩትን ቃል በቃል እንዲጽፍ የታዘዘ ሰው ግን የለም። ስለዚህ አንድ ምስክር የተናገረው ዛሬ የሚገኘው በችሎቱ ከነበሩት አንዱ ለራሱ ሲል ከጫረው ብቻ ነው።

የቦስተን እልቂት የሚባለውን ውሰዱ። መጋቢት 5 ቀን 1770 ምሽት የእንግሊዝ ወታደሮች በጉምሩኩ ሕንፃ ፊት በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሱ፤ ክሪስፐስ አተክስን ጨምሮ አምስት ሰዎች ሞቱ። የንጉሡ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጆናታን ሲዋል ክሱን ካዘጋጀ በኋላ ከጉዳዩ ራቀ። ክሱን ሳሙኤል ኩዊንሲ እንዲመራ ሲደረግ የቦስተን ከተማ ፔይንን ቀጥሮ ከጎኑ አቆመው። ለተከሳሾች የቆሙት ጆን አዳምስና የሳሙኤል ታናሽ ወንድም ጆሳያ ኩዊንሲ ነበሩ፤ ወንድማማቾች በአንድ ችሎት ፊት ለፊት ተሟገቱ።

ሁለት ችሎቶች ነበሩ። የስምንቱ ወታደሮች ችሎት በፈጣን ጽሕፈት ተይዞ በመጽሐፍ ታትሟል። የአዛዣቸው የሻምበል ፕሬስተን ችሎት ግን እንደዚያ ታትሞ አልቀረልንም። በዚያ ችሎት የመጀመሪያው ትልቅ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ‘ተኩሱ’ ያለው ማን ነው? አንዱ ምስክር ሻምበሉ አዘዘ ይላል፤ ሌላው ሻምበሉ ከጠመንጃዎቹ ፊት ቆሞ ነበር፣ እንዴት ያዛል ይላል። ይህን መፋጠጥ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ፔይንና አዳምስ እየሰሙ ከጻፏቸው ማስታወሻዎች ነው። ፔይን በወታደሮቹ ችሎት ያቀረበው የመዝጊያ ክርክርም በራሱ እጅ ተጽፎ ቀርቷል። እነዚያ ወረቀቶች እሳት በልቷቸው ቢሆን ኖሮ ከመዝገቡ የሚቀርልን ‘ጥፋተኛ አይደለም’ የሚለው ውሳኔ ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ፔይን ተሸንፏል ማለት ነው። የተሸናፊ ዐቃቤ ሕግ ማስታወሻ ይታመናል?

ተሸንፏል ቢባል ስሕተት አይደለም። ፕሬስተን ነጻ ወጣ፤ ከስምንቱ ወታደሮችም ስድስቱ ነጻ ወጡ። ሁለቱ፣ ኪልሮይና ሞንትጎመሪ፣ ከነፍስ ግድያ ዝቅ ባለው የግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። ለካህናት ይሰጥ ከነበረ አሮጌ የእንግሊዝ የምሕረት ልማድ ተጠቅመው ከሞት ሲድኑ አውራ ጣታቸው በጋለ ብረት ተተኮሰ።

ማስታወሻው ይታመናል ወይ ለሚለው፣ ለብቻው አይታመንም። ፔይን የሚጽፈው ለታሪክ አይደለም፤ ነገ ተነሥቶ ለሚናገረው ንግግር ነው። ክሱን የሚያጠነክርለትን ቃል ይይዛል፤ የማይጠቅመውን ሊያልፈው ይችላል። በችኮላ ስለሚጽፍ ዐረፍተ ነገሩ ይቆረጣል፣ ስሙ ያጥራል። ስለዚህ የአንድ ምስክር ቃል ከፔይን ማስታወሻና ከአዳምስ ማስታወሻ ጎን ለጎን መነበብ አለበት። ሁለቱ ባላጋራዎች አንድ ዓይነት ቃል ጽፈው ስታገኙ ምስክሩ ያን ብሏል ብሎ ለመቀበል ጥሩ ምክንያት አላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ማወቅ የምፈልገው ስለ ባርነት ነው። የነጻነት መግለጫ የፈረሙ ሰዎች ማኅደር ስለ ጥቁሮች ምን ይላል?

ይህን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። በማሳቹሴትስም ባርነት ነበር፤ በጠበቆች ወረቀት ውስጥ ሰው እንደ ከብትና እንደ ቤት ዕቃ በውርስ ዝርዝር ተቆጥሮ ይገኛል።

የኮክ ዎከርን ጉዳይ ልንገራችሁ። ዎከር በዉስተር አውራጃ በባርነት የኖረ ሰው ነው። የቀድሞ ጌታው ዕድሜው ሲደርስ ነጻ አወጣሃለሁ ብሎት ነበር፤ ጌትየው ሞተ፣ ሚስቱ ናትናኤል ጄኒሰን የሚባል ሰው አገባች፣ ጄኒሰንም ቃሉን አላከብርም አለ። በ1781 ዎከር ጥሎት ወደ ቀድሞ ጌታው ወንድሞች እርሻ ሄደ። ጄኒሰን ተከትሎ ይዞ ደበደበው። ከዚህ ሁለት የፍትሐ ብሔር ክሶች ተነሡ፤ በአንደኛው ዎከር ራሱ ከሳሽ ሆኖ ረታ፣ ጁሪው 50 ፓውንድ ፈረደለት። በሦስተኛው ጉዳይ ከሳሹ መንግሥት ነበር፤ በ1783 ጄኒሰን በድብደባ ወንጀል ተከሰሰ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉም ፔይን ነበር።

የክሱን ቅርጽ ልብ በሉ። አንድ ሰው ንብረቴ ነው የሚለውን ሰው በመደብደቡ መንግሥት ይከሰዋል። ዎከር ባሪያ ከሆነ ጄኒሰን በዘመኑ አስተሳሰብ ‘ቀጥቶታል’፤ ነጻ ሰው ከሆነ ግን ወንጀል ፈጽሟል። ስለዚህ የድብደባው ክስ የባርነትን ሕጋዊነት ጠቅልሎ ያዘ። ጄኒሰን ጥፋተኛ ተብሎ 40 ሺሊንግ ተቀጣ፤ መዝገቡ ከዚህ ብዙ አያልፍም። ምክንያቱ የተገኘው ከዋናው ዳኛ ከዊልያም ኩሺንግ የማስታወሻ ደብተር ነው። ኩሺንግ በዚያ ደብተር የ1780ው የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ ነጻና እኩል ሆኖ ይወለዳል ማለቱን ይዞ ባርነት ከዚህ ጋር አይሄድም የሚል ሐሳብ ጽፏል። ያ ደብተርም በዚያው በታሪክ ማኅበሩ ነው። በማሳቹሴትስ ባርነትን በአንድ ቀን የሻረ አዋጅ አልወጣም፤ በ1790 የሕዝብ ቆጠራ ግን በግዛቲቱ አንድም ባሪያ አልተመዘገበም። በመካከል ያለውን መንገድ የምናየው በእነዚህ ማስታወሻዎች ነው።

ለፔይን የማይገባውን ምስጋና መስጠት አልፈልግም። ሥራውን ሠርቷል። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ከጄኒሰን ቤት የወጣው ዎከር ነው።

ጥያቄ፦ ጽሕፈቱ ይነበባል? እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ ግን የድሮ ደብዳቤ ፎቶ አይቼ አንድ መስመር አልገባኝም።

በልምምድ ይነበባል። ‘ኤስ’ የሚባለው ፊደል በቃል መካከል ረዝሞ ስለሚጻፍ ‘ኤፍ’ ይመስላል፤ መጀመሪያ የሚያደናግረው እርሱ ነው። ቃላት እያጠሩ የመጨረሻ ፊደላቸው ከመስመሩ በላይ በትንሹ ይንጠለጠላል። የሚያውቁትን አንድ ስም ፈልገው የዚያን ሰው ፊደላት ከስሙ ይልቀሙ፤ ከዚያ ሌላው ይከተላል።

ቀኑ ላይ ግን ይጠንቀቁ። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ሕጋዊ አዲስ ዓመታቸው መጋቢት 25 ቀን ነበር። ስለዚህ በጥርና በየካቲት የተጻፈ ደብዳቤ ላይ 1746/7 የሚል ድርብ ዓመት ያገኛሉ። በ1752 አቆጣጠሩ ሲለወጥ ከመስከረም 2 በማግሥቱ መስከረም 14 ሆነ። በሁለት አቆጣጠር መኖር ለለመደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አይከብደውም፤ አሜሪካውያን ተማሪዎች ግን ሲቸገሩ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሒሳቡ ላይ ያሉት ገንዘቦች ግራ አጋቡኝ። አንዱ ዕዳ በሁለት ዋጋ ተጽፎ አየሁ።

20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ፣ 12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ ነው። ድርብ ዋጋው የመጣው ማሳቹሴትስ አትማው የነበረው የወረቀት ገንዘብ ዋጋው ወድቆ በ1750 አካባቢ በብር ስለተተካ ነው። አንድ የስፔን የብር ሳንቲም በአሮጌው 45 ሺሊንግ፣ በአዲሱ 6 ሺሊንግ ነበር፤ ሰባት ተኩል እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ሰዎች ከለውጡ በኋላም በአሮጌው መቁጠር አልተዉም። ስለዚህ አንድ ሰው ሀብታም ነበር ከማለትዎ በፊት በየትኛው እንደተቆጠረ ይዩ።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ?

ከጨርቅ የተሠራ ስለሆነ ከኋለኛው ዘመን የእንጨት ወረቀት ይበልጣል። የሚጎዳው ቀለሙ ነው፤ ብረት ስላለበት ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆንና ወረቀቱን ይበላዋል። የታጠፈበትም መስመር ይሳሳል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የሕግ ተማሪ ነኝ። ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በ1961 ሲወጣ ከእንግሊዝ የሕግ ቤተሰብ ብዙ ወስዷል፤ ዋና ጥያቄና መስቀለኛ ጥያቄ የምትዪው ከዚያ የመጣ ነው። በመጽሐፍ ያጠናሽውን በችሎት ሲሠራ ማየት ከፈለግሽ የፕሬስተንን ምስክሮች አንብቢ። ዐቃቤ ሕግ ያቆመው ምስክር በተከላካዩ ጥያቄ እንዴት እንደሚሳሳ ታያለሽ።

ጥያቄ፦ ቦስተን ነው የምኖረው፤ ታክሲ እነዳለሁ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም። ያስገቡኛል?

ያስገቡዎታል፣ ወንድሜ። ማኅበሩ በቦይልስተን ጎዳና ነው፤ ለማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ዲግሪም አይጠይቅም። መታወቂያ ይዘው ይመዝገቡ፤ የሚፈልጉትን አስቀድመው ከዝርዝሩ ይለዩ። እስክሪብቶ ስለማይፈቀድ እርሳስ ይያዙ። በመጽሐፍ የታተመውን ጉዳይ በመጀመሪያ በሕትመት እንዲያዩ ሊነግሩዎት ይችላሉ፤ አይከፉ፣ ዋናውን ቅጂ ከመነካካት ለማዳን ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ላልሄደ ሰውስ? ከየት ይጀምር?

የፔይን ወረቀቶች ከ1992 ጀምሮ በታሪክ ማኅበሩ በቅጾች ታትመዋል፤ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት አሏቸው። በነጻ ለመጀመር ግን በ1965 የታተመው የጆን አዳምስ የሕግ ወረቀቶች ስብስብ በኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ይገኛል፤ ሦስተኛው ቅጽ የእልቂቱን ችሎቶች ይዟል፣ የፔይንም ማስታወሻዎች በውስጡ አሉ። ከመግቢያው አይጀምሩ። በፕሬስተን ችሎት አንድ ምስክር ይምረጡ፣ በፔይን ማስታወሻ ያንብቡት፣ ከዚያ ያንኑ ስም በአዳምስ ማስታወሻ ይፈልጉ፤ የጎደለውን መስመር ሲያገኙ ማን እንደተወው ይዩ።