ልጅሽን ከኢንሹራንሱ አትደብቂው፤ ክፍያው የሚቀንስበት ሌላ መንገድ አለ

እህቴ፣ ያነሳሽው ጉዳይ የብዙዎቻችን ቤት ጉዳይ ነው። ሌሎችም እንዲከተሉን በአጭሩ ልድገመው። የምትኖሩት ቨርጂንያ፣ ዉድብሪጅ ነው። የ16 ዓመት ልጅሽ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ኢንሹራንሱ ላይ ሲገባ ክፍያችሁ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መኪናችሁ ሁለት ነው፤ አንዱ ባለቤትሽ ኡበር የሚሠራበት ራቭ ፎር፣ ሌላው የቆየ ኮሮላ። አንዱ «ልጁን አታሳውቂ» ይልሻል። ሌላው «መኪናውን ኖርዝ ካሮላይና ባለችው እህትሽ አድራሻ አድርጊው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሽፋኑን ዝቅተኛው ላይ አውርጂው» ብሎሻል። ለልጁ የራሱን መኪና መግዛት ይሻል እንደሆነም ጠይቀሻል። ሴቷ ልጅሽም ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ልታወጣ ደርሳለች።

እኔም ሰሜን ቨርጂንያ ነኝ። ሁለቱ ልጆቼ በዚህ መንገድ አልፈዋል፣ ሦስተኛዋ አሁን ፐርሚት ላይ ናት። የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሚያስፈራኝን ልናገር። «አታሳውቂ» የሚሉሽን አትስሚ። ኩባንያዎቹ በአንድ ቤት የሚኖርና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። ብትደብቂ ለጊዜው ማንም ላይጠይቅሽ ይችላል። ጣጣው የሚመጣው አደጋ የደረሰ ቀን ነው። ፖሊስ ሪፖርቱ ላይ የልጁ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ ይሰፍራል፤ ኩባንያውም ያየዋል። «እውነቱን ደብቃችኋል» ብሎ አልከፍልም ሊል፣ ውሉንም ሊሰርዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት የተሰረዘበት ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ የሚጠየቀው ዋጋ ዛሬ ካስደነገጠሽ ክፍያ የባሰ ነው። የእህትሽ አድራሻ ነገርም ያው ነው። ዋጋው የሚሠራው መኪናው በሚያድርበት ቦታ ነው። ዉድብሪጅ የሚያድረውን መኪና ኖርዝ ካሮላይና፣ ሻርሎት ያድራል ማለት ማጭበርበር ነው። እህትሽንም መዘዝ ውስጥ ታስገቢያታለሽ።

ለምን ይህን ያህል ይጨምራል ለሚለው፣ አገር ቤት የሶስተኛ ወገን ስናስገባ የሚታየው መኪናው ነው። የቤቱን ልጆች የሚቆጥር የለም። እዚህ ግን ከመኪናው እኩል ነጂው ይታያል። በተነዳ ማይል ሲሰላ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ሕይወት በሚጠፋበት አደጋ ውስጥ የሚገኙት ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ጭማሪው ከዚህ ይመነጫል። እኛ ቨርጂንያ ደግሞ ወንድ ልጅ ከሴት ይበልጥ ያስከፍላል፣ የወላጆች ክሬዲትም (ዕዳ የመክፈል ታሪካቸው) ዋጋው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ክሬዲታችሁ ከተሻሻለ እንደገና ዋጋ አስጠይቁ፤ ኩባንያው በራሱ ተነስቶ ላይቀንስላችሁ ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ እንምጣ። ሽፋኑን ዝቅ አድርጊ የሚለውን ምክር በዚህ ጊዜ በፍጹም አትቀበዪ። ቨርጂንያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የምታስገድደው ዝቅተኛ ላያቢሊቲ (እናንተ ሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍለው ሽፋን) ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ነው። (መንጃ ፈቃድና ታርጋ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ለዲኤምቪ፣ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻላል የሚል ካለ አሮጌ ወሬ ነው፤ ከጁላይ 2024 ወዲህ ቀርቷል።) ገንዘቡ ብዙ ይመስላል። ግን ልጅሽ ቀይ መብራት ላይ የቆመ መኪና ከኋላ ገጨ እንበል። የተገጨው አዲስ ፒክአፕ ቢሆን ዋጋው ከ40 ሺህ ሊያልፍ ይችላል፤ 25 ሺሁ አይበቃውም። ውስጡ ያለው ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ቢደረግና ወራት ሥራ ቢያቆም ደግሞ 50 ሺህ ምን ያህል እንደሚያስኬድ የአሜሪካ ሆስፒታል ቢል ያየ ሰው ያውቀዋል። ከሽፋኑ በላይ ያለው ዕዳ ከሰው ሊፈለግ ይችላል፤ ከቤታችሁም፣ ከደመወዛችሁም። ቤት ውስጥ ጀማሪ ነጂ ሲገባ ሽፋን የሚጨመርበት ጊዜ ነው። እኛ የመጀመሪያው ልጃችን ሲገባ ላያቢሊቲውን ለአንድ ሰው 250 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 500 ሺህ ከፍ አደረግነው። ከዝቅተኛው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ከፈራነው በጣም ያነሰ ነበር። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጫችሁ የሚከፍለውን ሽፋንም በዚያው ልክ አድርጉት።

ክፍያውን ለመቀነስ የምትነኪው ዲዳክቲብሉን ነው። አደጋ ሲደርስ ከኪስሽ የምትከፍዪው 500 ከሆነ ወደ 1,000 ብታሳድጊው የየወሩ ክፍያ ይወርዳል። ግን አንድ ሺሁ በእጅሽ መኖር አለበት። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ እሷን ለይታችሁ አስቀምጡ።

ቀጥሎ የውላችሁን የመጀመሪያ ገጽ አውጪና ተመልከቺ። ዲክላሬሽን የሚሉት ነው። መኪኖቹ በተርታ ይጻፋሉ፣ ነጂዎቹም በስም ይዘረዘራሉ። ብዙ ጊዜ ማን የየትኛው መኪና ዋና ነጂ ተደርጎ እንደተሰላ እዚያው ላይ ይገኛል። ብዙ ሰው ጠቅላላውን ድምር አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል። የኛ ወረቀት ላይ ልጃችን የአዲሱ መኪና ዋና ነጂ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። የሚነዳው ግን አሮጌውን ካምሪ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን ይዞ ደወለ፣ ኤጀንቷም የሚነዳውን መኪና ጠይቃ እዚያው አስተካከለችው። ክፍያው ወዲያው ወረደ። ሁሉም ኩባንያ እንዲህ አያሰላም፤ አንዳንዱ የነጂዎቹን አማካይ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ውዱን ነጂ ከውዱ መኪና ጋር ያጣምራል። ስለዚህ «ልጄ በየትኛው መኪና ነው የተሰላው?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። መልሱ እውነት መሆን አለበት፤ ኮሮላውን ነው የሚነዳው ካልሽ ኮሮላውን ይንዳ።

የራሱ መኪና ይሻላል ወይ ላልሽው መልሱ የተያያዘ ነው። አሁን ነጂዎቹ ሦስት፣ መኪናው ሁለት ነው። ስለዚህ ልጁ አልፎ አልፎ የሚነዳ ተብሎ ሊያዝ ይችላል። ሦስተኛ መኪና በገባ ቀን ግን የአንዱ ዋና ነጂ እሱ ይሆናል፣ ክፍያውም እንደገና ይዘላል። እኔ ብሆን ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት አልገዛም። የግድ ከሆነባችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የመኪናውን ቪን (መለያ) ቁጥር ለኤጀንቱ ሰጥታችሁ ዋጋ አስጠይቁ። መካከለኛ ሴዳን ይሁን፣ ከ2012 ሞዴል ወዲህ ያለ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሲስተም ግዴታ ነው። ከ2011 እስከ 2021 ከተሠሩት ኪያና ሂዩንዳይ ውስጥ ያለ ኢሞቢላይዘር (ያለ ቁልፉ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያግደው መሣሪያ) የወጡ ብዙ ናቸው፤ ሌቦች ስለለመዷቸው ኢንሹራንሳቸው ይወደድ ነበር። ለልጁ ብቻውን የተለየ ውል ማውጣት ደግሞ አይታሰብ፤ ከናንተ ጋር ሆኖ የሚያገኘውን ቅናሽ ሁሉ ያጣል።

ኮሮላው ዕዳ ከሌለበትና ዋጋው ከወረደ ኮሊዥኑን (ስትጋጩ ለራሳችሁ መኪና የሚከፍለውን) ማውጣት ይቻላል። የዓመቱን የኮሊዥን ክፍያ ከዲዳክቲብሉ ጋር ደምሪና መኪናው ስንት እንደሚያወጣ አስተያዪ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አውጪው። ኮምፕሪሄንሲቩን ግን አትንኪ፤ ርካሽ ነው፣ ስርቆትንና በረዶን ይሸፍናል። እዚህ አካባቢ ደግሞ አጋዘን አለ፤ እሱን ብትገጩም የሚከፍለው ይኸው ነው።

ራቭ ፎሩን በተመለከተ ባለቤትሽ ኡበር መሥራቱን ለኢንሹራንሱ ነግራችኋል? የግል መኪና ውል ሰው በክፍያ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። አፑ በርቶ ጥሪ ሲጠበቅ ኡበር የሚሰጠው የተወሰነ ላያቢሊቲ ብቻ ነው፤ ለራሳችሁ መኪና አይከፍልም። ሰው ሊያነሳ ሲሄድና ሲጭን ላያቢሊቲው 1 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ለመኪናችሁ የሚከፍለው ግን እናንተ በራሳችሁ ውል ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ ካላችሁ ነው፤ ያኔም 2,500 ዶላር ዲዳክቲብል አለው። ስለዚህ የራቭ ፎሩ ዕዳ ቢያልቅም ኮሊዥኑን አታውጡ። ራይድሼር የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አስጨምሩ። አዎ፣ ክፍያ ይጨምራል፤ ግን የቤታችሁ እንጀራ በዚያ መኪና ላይ ነው።

ቅናሾቹን በፍጥነት ልንገርሽ። ትልቁ የጎበዝ ተማሪ ቅናሽ ነው። አብዛኛው ኩባንያ አማካይ ቢ ወይም 3.0 ጂፒኤ ይጠይቃል። ሪፖርት ካርድ በወጣ ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ላኪ፤ አላኩልኝም ብሎ የሚደውልልሽ የለም። ስቴት ፋርም ከ25 ዓመት በታች ላሉ ስቲር ክሊር የሚል ቅናሽ የሚያስገኝ ፕሮግራም አለው። ልጁ ነገ ኮሌጅ ገብቶ መኪና ሳይወስድ ቢሄድ የርቀት ቅናሽ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ማይል በላይ መሆን አለበት። ብላክስበርግ ቢሄድ በደንብ ያልፋል። ሪችመንድ ከዉድብሪጅ 100 ማይል አይሞላም፤ ይህን ቀድመሽ እወቂ። የቤት ወይም የኪራይ ኢንሹራንስን አንድ ላይ ማድረግ፣ የስድስት ወሩን ባንዴ መክፈልም ይቀንሳል።

የመንዳት ሁኔታን በስልክ የሚከታተሉት አፖች ላይ ሐሳቤ የተለየ ነው። ፕሮግሬሲቭ ስናፕሾት፣ ጋይኮ ድራይቭኢዚ ይሉታል። ድንገተኛ ፍሬን፣ ፍጥነት፣ ስልክ መንካትና ሌሊት መንዳትን ይመዘግባሉ። መጀመሪያ «ውጤቱ ቢበላሽ ክፍያዬ ይጨምራል ወይስ ቅናሹን ብቻ አጣለሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የሚጨምሩ አሉ። እኔ ቅናሹን ብዙም አልቆጠርኩትም። የጠቀመኝ ልጄ ስልክ በነካ ቁጥር ማየቴ ነው። ማታ እራት ላይ ቁጭ ብለን እያየነው እናወራ ነበር። መጮህ አያስፈልግም ነበር፤ ስክሪኑ ላይ አለ።

ትኬት ነገር ላይ ጠንክሩ። ቨርጂንያ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል በላይ ወይም ከ85 በላይ መንዳት ሬክለስ ድራይቪንግ ነው፤ ተራ ቅጣት ሳይሆን የወንጀል ክስ ነው። ኢንሹራንሱ ላይ ለዓመታት ይቆያል። ልጅሽ ከ18 በታች ስለሆነ እየነዳ ስልክ መጠቀም ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል፣ ሳይዘውም ቢሆን። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በነሱ ከንጋቱ አራት ሰዓት ማለቴ ነው፣ መንዳት አይችልም። በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰብ ውጭ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጭነው። ከሰርግና ከልደት ሲወጡ ጓደኞቹ መኪናው ውስጥ ታጭቀው እንዳይገቡ እናንተም በሩ ላይ ቁሙ።

ለሴቷ ልጅሽ ጊዜ አላችሁ። ፐርሚት በ15 ዓመት ከ6 ወር ይወጣል፣ ዘጠኝ ወር ይያዛል፣ 45 ሰዓት ከትልቅ ሰው ጋር መንዳት አለባት፤ 15ቱ ከጨለመ በኋላ። ብዙ ወላጅ ወረቀቱን ሞልቶ ይፈርማል። እባካችሁ አትፈርሙ፣ ንዱ። እኔ ልጄን መጀመሪያ ሰው በሌለበት እሑድ ጠዋት ስፕሪንግፊልድ 95፣ 395 እና 495 የሚባሉት አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙበት አስገባኋት። ከዚያ ያንኑ መንገድ በምሽት፣ ከዚያ በዝናብ። የዝናቡ ቀን መሪውን ጨብጣ ጣቶቿ ነጭ ሆነው ነበር። ከጎኗ ቁጭ ብዬ «መስታወት፣ ፍሬቻ፣ ትከሻሽን ዞረሽ እዪ» ስላት ቆየሁ። አሁን እኔ ሳልናገር እሷ ራሷ ትለዋለች።

ፐርሚት ስታወጣ ለኩባንያው ደውዪ። ብዙዎቹ መንጃ ፈቃድ እስክታገኝ አያስከፍሉም፣ ግን ስሟ መዝገብ ላይ ይኑር። መንጃ ፈቃዷ ከመድረሱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብለሽ ደግሞ ሌላ ቦታ ዋጋ አስጠይቂ። ከአንድ ኩባንያ ጋር ብቻ የሚሠራ ኤጀንት ሳይሆን ብዙ ኩባንያ የሚያይ ኤጀንት ፈልጊ። አራቱንም ነጂ፣ የኡበሩን ሥራ፣ የሁለቱንም ልጆች ውጤት ንገሪው። ሁሉም ቦታ ያንኑ ላያቢሊቲና ያንኑ ዲዳክቲብል አስይዘሽ ጠይቂ፤ አለዚያ ርካሽ የመሰለሽ ሽፋኑን ቆርጦ የሰጠሽ ሊሆን ይችላል። የዲክላሬሽን ገጹን አይተሽ ያልገባሽ ነገር ካለ የቁጥሮቹን ስም እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን። አድራሻሽንና የውል ቁጥርሽን ግን አትለጥፊ።