መልስ፦ ቢጫው ወፍ ጎጆውን ለምን ያፈርሳል?

እህቴ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢሽ ውስጥ ቢጫ ወፍ የሠራውን ጎጆ መልሶ ሲበትን አይተሽ «ታሞ ይሆን?» ብለሻል። ጤነኛ ነው። ሸማኔ ወፍ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ በየግራሩ ሲንጫጫ የምትሰሚው።

ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። አረንጓዴ ሣር በመንቁሩ ሰንጥቆ ያመጣል፤ አንዱን ጫፍ በእግሩ ረግጦ ሌላውን እየጠለፈ ይቋጥራል። እንዲህ ያለ ትጉህ ወፍ እኔ አላየሁም! ከዚያ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። ገብታ ትፈትሻለች። ከወደደችው ውስጡን ለስላሳ ሣርና ላባ ታነጥፋለች። ካልወደደችው ሣሩ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎጆ ደግሞ ፈላጊ የለውም። ስለዚህ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሚያንጠለጥለው እባብ እንዳይደርስበት ነው። እባክሽ፣ ቅርንጫፉን አሁን አታስቆርጪ፤ መጀመሪያ ጫጩቶቹ ይብረሩ።