የወፍ ጉንፋን፦ ከድሬና ከሐረር የተላኩ ጥያቄዎች

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ድሬዳዋ ነው። ስለ ወፍ ጉንፋን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሶቹ እነሆ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቦ ዶክተር፣ ኤች5ኤን1፣ ኤች5ኤን8፣ ኤች7ኤን9... ስሙ ለምን አያልቅም?

ኤች እና ኤን ቫይረሱ ላዩ ላይ የተሸከማቸው ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ቁጥሩ ዓይነታቸውን ይናገራል። ቫይረሱ ሲባዛ የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርምለት ስለሌለ ጥቃቅን ለውጦች ይጠራቀማሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው መንገድ ነው። ዘረመሉ ስምንት ቁራጭ ነው። አንዲት ዳክዬ በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ቫይረስ ከያዛት ቁራጮቹ እንደ ካርታ ይበወዙና ከሁለቱም የተውጣጣ አዲስ ቫይረስ ይወጣል። በ2013 ቻይና ውስጥ ሰው መግደል የጀመረው ኤች7ኤን9 ስድስቱን የውስጥ ቁራጮች የወሰደው ዶሮን እምብዛም ከማይገድለው ኤች9ኤን2 ነው። ስለዚህ "ቀላል ነው" የሚባለውንም አልንቅም።

ዳክዬዋ ተሸክማው እየበረረች ዶሮ ለምን ይረግፋል?

ጥሩ ጥያቄ። ኤች የሚባለው ፕሮቲን ሥራ እንዲጀምር በኢንዛይም መቆረጥ አለበት። ለቀላሉ ቫይረስ የሚሆነው ቆራጭ በአንጀትና በመተንፈሻ አካል ብቻ ነው ያለው፤ ዳክዬዋ በኩሷ ወደ ውሃው ትለቀዋለች፣ እሷ ግን ደህና ናት። ኤች5 እና ኤች7 ዶሮ ታጭቆ ወደሚረባበት ቤት ገብተው ሲዘዋወሩ መቆረጫው ቦታ ላይ ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች ሊገቡባቸው ይችላሉ። ያኔ በመላ ሰውነት ያለ ኢንዛይም ይቆርጠዋል፤ ቫይረሱ አንጎልና ልብ ሳይቀር ይደርሳል።

የዘመናችን ጣጣ ገዳዩ የኤች5ኤን1 ዝርያ ወደ ዱር ወፎች ተመልሶ መግባቱ ነው። በ1996 ቻይና፣ ጓንግዶንግ ውስጥ በዝይ ላይ ተገኘ። በ2005 ቺንግሃይ ሐይቅ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ወፎችን ፈጀ፤ በዓመቱ ናይጄሪያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ደረሰ። በ2021 መጨረሻ ካናዳ ታየ፣ በ2024 አንታርክቲካ ምድር ላይ ተረጋገጠ። አንዳንድ ዳክዬዎች ይህንንም ይዘው ሳይታመሙ ረጅም መንገድ ይበራሉ።

ጅቡቲ? ባቡሩ ጫፍ?

አዎ። በእኛ ግንቦት 1998 ዓ.ም. በዶሮዎችና በአንዲት ሕፃን ላይ መገኘቱ ይፋ ሆነ።

ሐረማያ ሐይቅ ተመልሷል፣ ወፎቹም መጥተዋል። እናባርራቸው?

አታባርሩ፤ የተባረረ ወፍ ሌላ ውሃ ላይ ነው የሚያርፈው። ዶሮዎቻችሁን ግን ከሐይቁ ዳር አርቁ፣ የሐይቁንም ውሃ አታጠጧቸው። እውነቱን ለመናገር እኔን ከሰማዩ ይልቅ መኪና ላይ የሚጫነው ዶሮ ያሰጋኛል። ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ውሎ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ ከብዙ ቤት ዶሮ ጋር ተነካክቶ ነው የሚመጣው። ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። የነጋዴ ኬሻና ጫማም ኩስ ይዞ ይገባል።

ዶሮዎቼ በሦስት ቀን አለቁ፤ ጎረቤቶች ፈንግል ነው አሉኝ።

ሊሆን ይችላል። ግን ድንገተኛ ሞት፣ የጠቆረ ኩክኒ፣ ያበጠ ፊትና ተቅማጥ በሁለቱም ይታያል፤ በዓይን አይለይም። ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ይሂድ፤ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረምራል። የታመመ ዶሮ ፈጥነህ አርደህ አትሽጥ። የፈንግል ክትባት ደግሞ የወፍ ጉንፋንን አይከላከልም።

ልጄ፣ እኛ ሐረር የሞተ ዶሮ ለጅብ ነው የምንጥለው። ጅብ ምን ይሆናል?

እናቴ፣ ጅብን በተመለከተ ባልምልም ሥጋ በል እንስሳት የታመመ ወፍ በልተው መያዛቸው የታወቀ ነው፤ ድመትና ቀበሮ ሞተውበታል። እያንዳንዱ አጥቢ እንስሳ ደግሞ ለቫይረሱ መልመጃ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሩና ኖራ ነስንሰው ይቅበሩት።

በላም ወተት ተገኘ ሲሉ ሰማሁ። ጥሬ የግመል ወተት የምንጠጣውስ?

የተገኘው በ2024 አሜሪካ ውስጥ፣ በወተት ላሞች ነው፤ ማፍላት ቫይረሱን ይገድለዋል። የግመሉን ወተት አፍሉት የምላችሁ ግን በወፍ ጉንፋን ሳይሆን ብሩሴላ በሚባለው፣ በጥሬ ወተት በሚተላለፍ ባክቴሪያ ምክንያት ነው።