መልስ፦ አትማን ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ «ይሄ ፈረንሳዊ ከሰማይ ወረደ እንዴ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አልወረደም፣ ለዓመታት እዚያው ታች ሲለፋ ነበር። ቴሬንስ አትማን እ.ኤ.አ. በ2002 ቡሎኝ ሱር ሜር የተወለደ ግራኝ የቴኒስ ተጫዋች ነው። የተጫወተው በአብዛኛው በአይ.ቲ.ኤፍ. (የፕሮፌሽናል ቴኒስ ዝቅተኛው እርከን) እና በቻሌንጀር (ከዋናው ጉብኝት አንድ እርከን ዝቅ ያለው) ውድድሮች ላይ ነበር፤ በ2025 ሚያዝያ እንኳ ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ላይ ቻሌንጀር ወስዷል፣ ማን አየው!

እዚያ ደረጃ ያለውን ኑሮ ካላወቅክ ግር ይልሃል። በታችኛው የአይ.ቲ.ኤፍ. የ15 ሺ ዶላር ውድድር ሳምንቱን ሙሉ አሸንፈህ ዋንጫ ብታነሳ የምታገኘው ለዓለም ደረጃ የሚቆጠር 15 ነጥብ ነው። 15 ሺው ደግሞ ለሁሉም ተጫዋች የሚከፋፈል እንጂ ላሸናፊው ብቻ አይደለም። የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴልና አሰልጣኝ ከኪስ ነው።

ከዚያ ነሐሴ 2025 አሜሪካ ውስጥ የሚካሄደው ትልቁ የሲንሲናቲ ውድድር መጣ። በዓለም 136ኛ ሆኖ ከማጣሪያ ተነስቶ በዓለም አስሩ ምርጦች ውስጥ የነበሩትን ቴይለር ፍሪትዝንና ሆልገር ሩንን ጣላቸው፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ በወቅቱ የዓለም አንደኛ በነበረው በያኒክ ሲነር ተሸነፈ። ቀኑ የሲነር ልደት ስለነበር ከጨዋታው በፊት መልበሻ ክፍል ስጦታ ሰጥቶታል (እኔ ብሆን ከጨዋታው በኋላ ነበር የምሰጠው)። ከውድድሩ በኋላ በዓለም 69ኛ ሆነ።