መጀመሪያ ስለቱን ጻፍ፣ መልአኩ ይደርስበታል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአምስት ጓደኞችህ ሮል ፕሌይ (እያንዳንዱ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በወሬና በዳይስ የሚጫወተው የታሪክ ጨዋታ) ልትመራ አዲስ ዓለም እየፈጠርክ ነው። 12 አማልክትና 40 መላእክት ከነማዕረጋቸው ጽፈሃል። የሰማዩን ጦርነት ብቻ 15 ገጽ አድርሰኸዋል፣ ልጆቹ ግን ስታነብላቸው ስልካቸውን ያያሉ። «ምን ልጨምርበት?» ነው ያልከው። አቦ፣ ምንም አትጨምር። እኔም ላይ ስለደረሰ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

እኛ ድሬ፣ ከዚራ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት በረንዳ ላይ መጫወት ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆኖናል። እሁድ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል። የመጀመሪያውን ዓለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ሙሉ ደብተር። ሰባት ሰማይ፣ በየሰማዩ አለቃ፣ በየአለቃው ሥር ሠራዊት፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንደከዳ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ያህል እንዳነበብኩ አንዷ ልጅ አቋረጠችኝ። «ይሄ መልአክ በዓሉ መቼ ነው?» አለች። ደብተሩን አገላበጥኩ፤ የለም። «እሺ፣ ልጅ ያጣች ሴት እሱ ጋ ነው የምትሄደው ወይስ ሌላኛው ጋ? ምን ይዛ ነው የምትሄደው?» አሁንም የለም። የማን ክንፍ ስንት እንደሆነ ግን ጽፌ ነበር።

ጥያቄዋን ከየት እንዳመጣችው በኋላ ገባኝ። እናቷ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ይሄዳሉ። አንድ ዓመት አብሬያቸው ሄድኩ። ከድሬ ተነስቶ ደንገጎን ወጥቶ በእግሩ የሚጓዝ አለ። ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ አለ። ጃንጥላ ይዞ የመጣ አለ። ከፊቴ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ትሄድ ነበር፣ አምና ተስላ ዘንድሮ ክርስትና ልታስነሳው ነው የመጣችው። ልጁ እንቅልፍ ወስዶት አንድ እግሩ ከነጠላው ውጪ ተንጠልጥሏል፤ እሷ በየጥቂት እርምጃው ቆም ብላ እግሩን ወደ ውስጥ ትመልሳለች። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ስለት ያስገባሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የመላእክትን ማዕረግ በቅደም ተከተል የሚቆጥርልህ ጥቂት ነው። ገብርኤል ግን ለሁሉም ቅርብ ነው፣ ቅርበቱ ደግሞ በያዙት ነገር ይታያል። በድንጋዩ፣ በጃንጥላው፣ በልጁ።

ከዚያ በኋላ አጻጻፌን ገለበጥኩት። ስለ አንድ መልአክ መጀመሪያ የምጽፈው ሰው ምን ይዞለት እንደሚሄድ ነው። ቀኑ መቼ ነው? መንገዱ ስንት ቀን ይፈጃል? ስለቱ ደርሶለት ሳይከፍል የቀረ ሰው ጎረቤቶቹ ምን ይሉታል? ክንፉን፣ ሰይፉን፣ ዙፋኑን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ፤ አንዳንዴ ጭራሽ አልጽፈውም።

ጨዋታው ላይ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። በረንዳው ጠረጴዛ ላይ አንድ ባዶ የሻይ ቅጠል ጣሳ አለን። አንድ ተጫዋች ሲጨንቀው ይሳላል። ለማን እንደተሳለና ምን እንደሚከፍል በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጣሳው ውስጥ ይከታል። ያኔ ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። ወረቀቱ ግን ጣሳው ውስጥ ይቀራል፣ እስኪከፍል ድረስ ሌላ ስለት አይሳልም። ያለው ሕግ ይሄ ብቻ ነው። አንዴ አንድ ልጅ ከእስር ለማምለጥ «የአባቴን ቀለበት አስገባለሁ» ብሎ ጻፈ። ከአራት ሳምንት በኋላ ቀለበቱ የአባቱን ገዳይ ማንነት የሚያሳይ ብቸኛ ማስረጃ ሆኖ ተገኘ። እኔ አላሰብኩበትም ነበር፤ ራሳቸው ናቸው እዚያ ያደረሱት። ልጁ ጣሳውን እያየ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ስልኩን ያየ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሥራና አንድ የማይችለው ነገር ስጠው። ሁሉን የሚችል መልአክ ጨዋታ ውስጥ አይሆንም፣ ተጫዋቹ ሁሌ እሱን ጠርቶ ይገላገላል። በእስልምና ትምህርት የሰውን ሥራ የሚመዘግቡ ሁለት መላእክት አሉ፣ ኪራመን ካቲቢን ይባላሉ። ይጽፋሉ። ሥራቸው መጻፍ ነው። ከዚህ ተነስቼ እኔ የራሴን ፈጠርኩ፤ የሚሰማ ግን የማይናገር፣ ቃል ሁሉ የተጻፈበት መዝገብ ያለው ግን ለማንም የማያነብ። ተጫዋቾቼ ያንን መዝገብ ለማየት አንድ ሙሉ ክረምት ደከሙ። የሚከለክል ነገር ነው ጨዋታ የሚፈጥረው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። 40 ስም ከመጻፍህ በፊት አንድ ነገር ወስን። ያንተ ዓለም መልአክ እምቢ ማለት ይችላል ወይስ አይችልም?

እኛ አገር ሁለቱም መልስ ጎረቤት ለጎረቤት ይኖራል። በኦርቶዶክስ ሊቃውንት ትምህርት መላእክት በመቶ ነገድ፣ በአሥር ከተማ ተከፍለው ተፈጥረዋል፤ ኢዮር፣ ራማና ኤረር በሚባሉ ሦስት ሰማያት። ሳጥናኤል የአንደኛው ከተማ አለቃ ነበር። ፈጣሪ ከመላእክቱ በተሰወረ ጊዜ «እኔ ነኝ የፈጠርኳችሁ» ብሎ ተነሳ። ሠራዊቱ ተሸበረ። ያኔ ገብርኤል ፈጣሪያችንን እስክናገኝ በያለንበት ጸንተን እንቁም አለ፤ «ንቁም በበህላዌነ» የሚባለው ይሄ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ መልአክ መምረጥ ይችላል፣ የሚከብረውም የሚወድቀውም በምርጫው ነው። በእስልምና ደግሞ መላእክት ከብርሃን ተፈጥረዋል፣ የታዘዙትን አይጥሱም። አልሰግድም ያለው ኢብሊስ ቁርኣኑ ላይ ከጅን ወገን ነው፣ ጅን ደግሞ ከእሳት ነው የተፈጠረው። ልብ በል፣ ይሄ ልዩነት ታሪኩን ሁሉ ይለውጠዋል። መልአክ እምቢ ማለት ከቻለ ተጫዋቾችህ ሊያሳምኑት፣ ሊለምኑት፣ ሊያታልሉት ይሞክራሉ። ካልቻለ ግን ከእሱ ጋር መነጋገሩ ትርጉም የለውም፤ የላከውን ነው የሚፈልጉት። ያኔ እምቢ የሚል ሌላ ፍጥረት ያስፈልግሃል። እኛ በረንዳ ላይ በዚህ ጉዳይ አንድ ምሽት ሙሉ ተወያይተናል፣ ዳይስ እንኳ አልተነካም። ከተጫወትንባቸው ምሽቶች ሁሉ እኔ እሱን እወደዋለሁ።

ስለ ወደቁ መላእክት ደግሞ፣ ያንተ ጦርነት ውስጥ ሁሉም የሚዋጋው ለዙፋን ነው። መጽሐፈ ሄኖክን አንብብ። ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ነው፣ የእኛው ሀብት ነው። እዚያ ላይ 200 መላእክት ወደ አርሞንኤም ተራራ ይወርዳሉ። የሚወርዱት የሰው ሴቶችን ወደው ነው። ከዚያ ያስተምራሉ። አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ አምባርን፣ ዓይን መኳልን ያሳያል። ይሄ ለጨዋታ ወርቅ ነው። የሰማይ ጦርነት የተጫዋችህ እጅ ላይ አይደርስም፣ ሰይፍ ግን ወገቡ ላይ አለ። አንድ አንጥረኛ «ይሄን የብረት አቀጠቃቀጥ ያስተማረው ቅድመ አያቴን አንድ እንግዳ ነው፣ ጥላ አልነበረውም ይላሉ» ቢለው 15 ገጽህን በአንድ አረፍተ ነገር ተናገርክ ማለት ነው።

ሐረርን ታውቃት ከሆነ የጅቡን ነገር ሰምተሃል። ጀጎል ግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ጅብ ጅን ይበላል ይባላል፣ ስለዚህ ሌሊት ሲገባ አይባረርም። በአሹራ ቀን ደግሞ ቅቤ የገባበት ገንፎ ያወጡለታል። በደንብ ከበላ ዓመቱ ጥሩ ነው። ካልነካው መጥፎ ነው፣ ሙልጭ አድርጎ ከበላውም መጥፎ ነው። አየህ? የተቀደሰ ነገር ሁልጊዜ ክንፍና ብርሃን የለውም። ከሰው ጋር ውል ያለው፣ ቆሻሻ ለባሽ፣ ሌሊት የሚመጣ እንግዳም ሊሆን ይችላል። እኔ ይሄን ወደ ዳይስ ቀየርኩት። በባለ 10 ፊት ዳይስ 1 ከወጣ እምቢ አለ፣ 10 ከወጣ ሁሉን ጨረሰ፣ ሁለቱም ክፉ ናቸው። የተለመደው ጨዋታ ላይ ትልቅ ቁጥር ሁሌ ጥሩ ስለሆነ 10 የወጣላት ልጅ በደስታ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ ትዝ ሲላት ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ስም ላይ ተጠንቀቅ። ይሄን ከልቤ ነው የምልህ። መጀመሪያ ላይ የክፉ መልአክ ስም ስፈልግ ከአንድ እውነተኛ ቅዱስ ስም አንድ ፊደል ብቻ ቀየርኩ። አንድ ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ሁለት ሳምንት አልመጣም። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ደብተሩንም ቀደድኩት። እሱ ልክ ነበር። እዚህ ከተማ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፣ ጠረጴዛህም እንደዚያው ነው። ደግሞ «ኤል» ብለህ የምትጨርሰው ስም ሁሉ ትርጉም አለው፤ ኤል በዕብራይስጥ አምላክ ማለት ነው፣ ሩፋኤል ማለት አምላክ ፈወሰ ነው። ባንተ ዓለም 12 አማልክት ካሉ ያ ኤል የትኛው ነው? ስለዚህ ተወው። ሰው በአፉ የሚጠራቸውን ስም ስጣቸው። እኛ «የቁልቢው» ስንል ማን እንደሆነ ይታወቃል አይደል? ያንተም «የድልድዩ»፣ «ባለ ፋኖሱ»፣ «የምሽት ዘበኛው» ይሁኑ። ቦታም ከሰፈርህ ውሰድ። ከድሬ ወደ ምዕራብ ፍል ውሃ ያለባት ኤረር የምትባል ከተማ አለች። ልጅ ሆኜ ኤረር የሚባል ሰማይ እንዳለ ስሰማ ያቺው ፍል ውሃዋ መስላኝ ነበር፤ መላእክት እንፋሎቱ ውስጥ ቆመው ይታዩኝ ነበር። ያ ምስል እስከ ዛሬ ድረስ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጥብኛል፣ አንዱን ሰማዬንም በእሱ ነው የሠራሁት።

አንድ ፍጥረት አንድ ስም ብቻ አይኑረው። የጀጎልን አምስት የድሮ በሮች እይ። ሐረሪው አስማዲን በሪ የሚለውን ሌላው ሸዋ በር ይለዋል። አርጎብ በሪ ደግሞ ኤረር በር ነው። በሩ ያው ነው፣ የሚጠራው ሰው ነው የሚለየው። የእኔ ዓለም ከተማ በደረቅ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች ነች፣ ከየት እንዳመጣሁት ድሬን ያየ ያውቃል። በወንዙ ምዕራብ ያሉት ጠባቂውን አባ ደለል ይሉታል፣ ጎርፉን ይዞ የሚያቆይላቸው ደግ ሽማግሌ ነው። በምሥራቅ ያሉት የዚያኑ ፍጥረት ስም አይጠሩም፤ መቃብራቸውን የወሰደባቸው እሱ ነው። ማን ልክ እንደሆነ እኔም አልወሰንኩም። ይሄን ከማስገባቴ በፊት ግን ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፣ ምክንያቱም በ1998 ክረምት የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ወስዷል፣ እኛ መሃል ያኔ ቤታቸው የሄደባቸው ልጆች አሉ። አንደኛው አሰብ አደረገና «ጎርፉ ይኑር፣ ግን ሌሊት አይምጣ» አለኝ። እኔም ጎርፉን ቀን አደረግኩት።

ያን 15 ገጽ አትጣለው። ቆራርጠው። አንዱን ቁራጭ አንድ ዓይነ ስውር ለማኝ በዜማ ይበለው፣ አንዱ የተሰበረ ድንጋይ ላይ ይገኝ፣ ሌላውን የጠላት ወገን ካህን ገልብጦ ይንገራቸው። ራሳቸው ሲገጣጥሙት ይሻላል። ካልገጣጠሙትም ችግር የለውም።

ለእሁድ ግን ከ40ዎቹ ሦስቱን ብቻ ምረጥ። ለሦስቱም ቀናቸውን፣ ሰው ይዞላቸው የሚሄደውንና የማይችሉትን አንድ ነገር ጻፍ፣ ከግማሽ ገጽ አትለፍ። ከፈለግክ እዚሁ ከሥር ለጥፍልኝ፣ ማታ ከሥራ ስገባ አነብልሃለሁ። ጣሳ ደግሞ አትርሳ፣ ክዳን ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ እዚህ ነፋሱ ወረቀት ይበትናል።