«ብዙ አስባለሁ፣ ሥራዬ ግን ቡና መቅዳት ነው» ላልከኝ የስካርቦሮ ልጅ

«ጋሼ» ብለህ የጀመርከው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ቢሮ፣ አንዴ ደግሞ ማታ ቤት ገብቼ እራት ከበላሁ በኋላ። ለአማርኛህ ይቅርታ ጠይቀሃል፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላየሁበትም። በዘጠኝ ዓመቱ ቶሮንቶ የገባ ልጅ እንዲህ ከጻፈ እናቱ ቤት ውስጥ ብዙ ለፍታለች ማለት ነው።

ሌላው አንባቢ እንዲከተለን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ዕድሜህ 23 ነው። ከእናትህ ጋር ስካርቦሮ፣ የቶሮንቶ ምሥራቁ ክፍል፣ ትኖራለህ። በሶሲዮሎጂ ከተመረቅህ ዓመት ከምናምን ሆኖሃል፣ የምትሠራው ግን ካፌ ውስጥ ነው፣ እሱም በሳምንት ሦስት ወይ አራት ሺፍት ብቻ። ማታ ስትመለስ ቀን ያየኸውን ስልክህ ላይ ትጽፋለህ። ከጻፍከው አሥራ አንዱን መርጠህ ላክህልኝ። ጥያቄህ ደግሞ «ስለ ኑሮና ስለ ማኅበረሰብ እንዲህ የሚያስብ ሰው ምን ሥራ ይሠራል? ወይስ እንደ ሁሉም ሰው ኮምፒውተር ልማር?» የሚል ነው።

መጀመሪያ አንድ ሸክም ላውርድልህ። ሥራ ያጣኸው ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም። በፈረንጆቹ መስከረም 2025 (ከዚህ በታችም ቀኑንና ዓመቱን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ካናዳ ውስጥ ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶች የሥራ አጥነት መጠን 14.7 በመቶ ደርሶ ነበር። የወረርሽኙን ዓመታት ካወጣን ከ2010 ወዲህ እንዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም። እናትህ «የእገሌ ልጅ እኮ በተመረቀ በወሩ ገባ» ስትልህ፣ ያ ልጅ የገባበት ጊዜ ሌላ ጊዜ እንደነበር አንተም እሷም እወቁት። ይሄን የምልህ ቁጭ በል ለማለት አይደለም። ራሱን እየሰደበ ሥራ የሚፈልግ ሰው ኢንተርቪው ላይ ድምፁ ይቀንሳል፣ ይሄን በየሳምንቱ አያለሁ።

አሁን ወደ ጽሑፎችህ።

ስለ 54 ቁጥሩ የሎውረንስ ኢስት አውቶብስ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። የስካርቦሮው ባቡር በሐምሌ 2023 ከሐዲዱ ወጥቶ ከቆመ ወዲህ ያ ሁሉ ተሳፋሪ አውቶብስ ላይ እንደተጫነ፣ ንጋት ላይ ብርድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ደግሞ አብዛኛው የፅዳት፣ የመጋዘንና የአረጋውያን እንክብካቤ ሠራተኛ እንደሆነ አይተሃል። ከዚያ የካፌውን የካርድ ማሽን ጉዳይ አነሳህ። ትንሽ ቡና የገዙ ሽማግሌ ላይ 18፣ 20፣ 25 በመቶ ቲፕ የሚጠይቀውን ስክሪን ስታዞር እንደምታፍር ጽፈሃል። ሥራ ልመድ ተብሎ ያለ ክፍያ ስድስት ሰዓት ስለቆመው ጓደኛህም ጽፈሃል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ አንተ ራስህ ያላየኸው ይመስለኛል። ስለ ኑሮ የሚማረር ሰው ሞልቷል። አንተ ግን ከአሥራ አንዱ በሰባቱ ላይ ብሶትህን ጽፈህ ስትጨርስ ሕጉ ምን እንደሚል ፈልገሃል። ቲፑን ባለቤቱ ለራሱ መውሰድ እንደማይችል አጣርተሃል። ቶሮንቶ ባለችበት ክፍለ ሀገር፣ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ የሙከራ ሺፍት ያለ ክፍያ ማሠራት ክልክል እንደሆነ አግኝተህ ለጓደኛህ ነግረሃል። ማንም አላዘዘህም፣ ነጥብ የሚሰጥህም አልነበረም። ሰው ሳይታዘዝ፣ ሳይከፈለው፣ ደክሞት እያለ የሚያደርገውን ነገር እኔ በጣም ነው የማየው። ሥራው ብዙ ጊዜ እዚያ አካባቢ ነው ያለው።

ዘጠነኛዋ ጽሑፍህ ላይ ደግሞ ቆሜ ቀረሁ። አምስት መስመር ብቻ ናት፣ እንደ ተራ ነገር ነው ያለፍካት።

መንገዱን ተሻግሮ ቤዝመንት ተከራይተው የሚኖሩት እማማ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ኤን 12 ይባላል፤ አከራዩ «ልጄ ሊገባበት ስለሆነ ቤቱን ልቀቂ» የሚልበት ፎርም ነው። እማማ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ፖሊስ የሚመጣበት ቀን መስሏቸው ጀበናቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ከትተው ነበር። አንተ ወረቀቱን ሁለቴ አነበብክ። ቀኑ ስለደረሰ ብቻ ማንም ሊያስወጣቸው እንደማይችል፣ የአከራይና ተከራይ ቦርድ ሳይወስን በር የሚቆልፍ እንደሌለ፣ አከራዩ የ60 ቀን ጊዜና የአንድ ወር ኪራይ ካሳ መስጠት እንዳለበት በአማርኛ አስረዳሃቸው። ከዚያ ወደ ነፃው የሕግ ክሊኒክ ደውለህ አርባ ደቂቃ ስልክ ይዘህ ጠበቅክ። ችሎቱ በቪዲዮ ስለነበር ላፕቶፑን ሞሰብ ላይ አስቀመጥከው፣ ካሜራው ፊታቸውን እንዲያይ። ውሳኔው ገና ነው።

የኔ ወንድም፣ ይሄ ሥራ ነው። ይሄን እየሠራ ደመወዝ የሚበላ ሰው አለ፤ ፓራሊጋል ይባላል።

ፓራሊጋል ሲባል ብዙው የእኛ ሰው የትራፊክ ቲኬት የሚከራከር ሰው ብቻ ይመስለዋል። ያንንም ይሠራሉ። ግን ኦንታሪዮ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ፓራሊጋል ልክ እንደ ጠበቃ ከክፍለ ሀገሩ የሕግ ማኅበር ፈቃድ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። በአከራይና ተከራይ ቦርድ ፊት ቆሞ ይከራከራል። ትናንሽ የገንዘብ ክሶች በሚታዩበት ፍርድ ቤትም ይቆማል፤ እዚያ የሚታየው የገንዘብ ጣሪያ ጥቅምት 2025 ላይ ከ35,000 ወደ 50,000 ዶላር ስላደገ ሥራው ሰፍቷል። የሕግ ፋኩልቲ መግባት አያስፈልግም። ማኅበሩ የተቀበለው የኮሌጅ ፕሮግራም ትጨርሳለህ፣ ቢያንስ 120 ሰዓት የተግባር ልምምድ ታደርጋለህ፣ የፈቃድ ፈተና ትወስዳለህ፣ ጸባይህም ይጣራል። እንዳንተ ዲግሪ ላለው ሰው አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጁ ፕሮግራሞች አሉ። ኮሌጁ በማኅበሩ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ሳታይ ግን አንድ ዶላር እንዳትከፍል። ማስታወቂያው አምሮ ለፈተና የማያስቀምጥ ትምህርት የጨረሱ ልጆች ቢሮዬ መጥተው ያውቃሉ፣ ልብ ይሰብራል።

ጥሩውን ብቻ ነግሬህ ብሸኝህ አላከበርኩህም። አከራይ ገንዘብ አለው፣ ተከራይ የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ፓራሊጋል የሚቀጠረው ለአከራይ ነው። የሕግ ክሊኒኮች ክፍት ቦታቸው ጥቂት ነው፣ ደመወዛቸውም የሚያስጨፍር አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ሌላ ነው። ሕጉ ከእማማ ጋር የማይሆንበት ቀን ይመጣል። አከራዩ ልጁ በእውነት ሊገባበት እንደሆነ ካሳመነ ቦርዱ ይፈቅድለታል። እማማ ሰባት ዓመት የኖሩበት ቤት ኪራዩ በሕግ ተገድቦ ነው የቆየው፤ በ2025 የተፈቀደው ጭማሪ 2.5 በመቶ ነበር፣ ለ2026 ደግሞ 2.1 ነው። ከዚያ ቤት ከወጡ ገበያው በሚጠራው ዋጋ ነው የሚከራዩት። ከፈረንጆቹ ኅዳር 15 ቀን 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበት ቤት ከደረሳቸው ደግሞ የጭማሪ ገደቡም የለም። ያን ቀን አጠገባቸው ተቀምጠህ «አልሆነም እማማ» የምትለው አንተ ነህ። በማግስቱ ሌላ ሰው ሌላ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ይሄን ችዬ እቀጥላለሁ ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ፣ መልሱን ለኔ ሳይሆን ለራስህ ስጠው።

ስለዚህ ብድር ከመውሰድህ በፊት ቅመሰው። ክሊኒኩ ውስጥ የረዳችህ ሴት ስልኳ አለህ። «ሥራ ፈልጊልኝ» አትበላት፣ ሰው ይሸሻል። «ሃያ ደቂቃ ብትሰጪኝ፣ ቀንሽ ምን እንደሚመስል ብትነግሪኝ» በላት። በጎ ፈቃደኛ ይቀበሉ እንደሆነም ጠይቃት። የቦርዱ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለመከታተል ጠይቅና አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጠህ ስማ። ስንቱ ተከራይ ብቻውን እንደሚቀርብ፣ ስንቱ አስተርጓሚ አጥቶ አንገቱን እየነቀነቀ ያልገባውን «የስ» እንደሚል ታያለህ። ከምሳ በኋላ ከተሰላቸህ ጥሩ፣ በነፃ አወቅከው። ከተናደድክና ማስታወሻ መያዝ ከጀመርክ ያው ገባህ።

አንድ ጥንቃቄ። ለጎረቤት በነፃ ማንበብና ማስረዳት አንድ ነገር ነው። ፈቃድ ሳይኖርህ ብር ተቀብለህ የሕግ ምክር መስጠት ሌላ ነገር ነው፣ ክልክል ነው፣ በኋላ ለፈቃድ ስታመለክትም ይከተልሃል። እድር ላይ «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» መባል ከተጀመረ ሰው ኪስህ ውስጥ ሃያ ዶላር መክተቱ አይቀርም። አመስግነህ መልስ።

አማርኛህንም እንደ ጌጥ አትየው። ኦንታሪዮ ኮሌጆች ውስጥ የ180 ሰዓት የአስተርጓሚነት ሥልጠና አለ፣ ከመግባትህ በፊት የሁለቱንም ቋንቋ ችሎታህን ይፈትኑሃል። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የስደተኞች ጉዳይ፣ ሁሉም ጋ አማርኛ የሚችል ይፈለጋል። ሥራው በጥሪ ስለሆነ ሙሉ ደመወዝ አይሆንህም፣ ግን ከካፌው ሺፍት ጋር ይገጥማል፣ ወደምትፈልገው ቢሮም በር ይከፍታል።

ኮምፒውተር ልማር ወይ ላልከው፣ አትማር። ሁለቴ ጀምረህ ሁለቴም በሦስተኛው ሳምንት እንዳቆምክ ራስህ ጽፈሃል። ለሚወደው ሰው ጥሩ ሙያ ነው።

አሁን ሪዙሜህ። የላክህልኝ ላይ ከላይ «ታታሪ፣ ተግባቢ፣ ጫና የምችል» ይላል። ይሄን ሁሉም ሰው ይጽፋል፣ አንባቢው ዓይኑ ያልፈዋል። በሱ ፋንታ እንዲህ በል፦ «አረጋዊት ተከራይ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ሲደርሳቸው ሰነዱን በአማርኛ አስረድቼ፣ ከሕግ ክሊኒክ ጋር አገናኝቼ፣ ለቪዲዮ ችሎት አዘጋጅቻለሁ።» ስማቸውን እንዳትጽፍ። ሥር ደግሞ ካፌው ይግባ፣ አታፍርበት፤ በጠዋት ሰልፍ ላይ የተናደደ ሰው ማረጋጋት የቻለ ልጅ የክሊኒክ ስልክ ማንሳት ይችላል።

እኔ ራሴ እዚህ አገር እንደገባሁ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ነበር የምሠራው። አበሻው ወረቀቱን ይዞ እየመጣ በዚያች ትንሽ መስኮት ያቀብለኝ ነበር። የኢሚግሬሽን ደብዳቤ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ፎርም፣ የሥራ ማመልከቻ። በሂተሩ ብርሃን እያነበብኩ እሞላላቸው ነበር። ሥራ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም፣ ሥራ ማለት መኪናው ነበር። ስምንት ዓመት እንዲሁ ሄደ፣ «ይሄን እኮ ቢሮ ተቀምጠህ መሥራት ትችላለህ» ያለኝ ሰው ስላልነበረ። ለዚህ ነው አምስት መስመርህ ላይ ቆሜ የቀረሁት።

ኢንተርቪው አድርገው ድምፃቸውን ስላጠፉብህ ድርጅት ደግሞ፣ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ኦንታሪዮ ውስጥ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለሕዝብ ባወጣው ማስታወቂያ ላመለከተና ኢንተርቪው ላደረገው ሰው በ45 ቀን ውስጥ ውሳኔ ላይ ተደርሶ እንደሆነ ማሳወቅ አለበት። ደመወዙንም ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ግድ ሆኖበታል። እዚያው ማስታወቂያ ላይ «የካናዳ ልምድ ያላት» ብሎ መጠየቅም ተከልክሏል። ይሄን የመጨረሻውን ለእናትህ ንገራት። አዲስ አበባ ሒሳብ ሹም የነበረች ሴት እዚህ ያን ቃል ስትሰማ ስንት ዓመት እንደኖረች ጽፈህልኛል። ሕጉ ያለፈውን አይመልስላትም፣ ግን ማመልከቻዋን ደግማ ታውጣው።

የተማሪ ብድርህን ስልክ ከማንሳት አትሽሽ። የፌዴራሉ ድርሻ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ወለድ የለውም። ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ የክፍያ እርዳታ አለ፤ ላላገባና ልጅ ለሌለው ሰው ምንም ሳይከፍል የሚቆይበት የገቢ ገደብ በ2022 ወደ 40,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ማመልከት ግን አለብህ፣ ዝም ካልክ ማንም ፈልጎ አይሰጥህም።

በዚህ ሳምንት ለክሊኒኳ ሴት ደውል። ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ፣ አሥራ ሁለተኛዋን ጽሑፍም ጨምርበት። የእማማ ውሳኔ ሲመጣም ንገረኝ። እስከዚያው ጀበናውን ከካርቶኑ አውጥተው ቡናቸውን ያፍሉ በልልኝ።